ፒፒአር ቧንቧ በቤት እድሳት ላይ ሲመዘን

ፍርዱ ይቅደም። ለቤት ውስጥ የቀዝቃዛና የሙቅ ውሃ መስመር፣ በተለይ ግድግዳ ተፈልፍሎ አሮጌው የብረት ቧንቧ በሚወጣበት እድሳት፣ ፒፒአርን፣ ማለትም ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራውን የፕላስቲክ ቧንቧ፣ በቀላሉ የሚያስንቅ ዕቃ የለም። አይዝግም። እንደ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ብረት ጥርስ (የመጠምዘዣ ክር) ሲወጣለት ዚንኩ ተገፎ ከዚያው የሚበላ ቦታ የለውም። ቱቦውና ፊቲንጉ (ማገናኛው ቁራጭ) በሙቀት ሲጋጠሙ አንድ አካል ይሆናሉ፤ መሃላቸው ጎማ ወይም ማጣበቂያ የለም። ወቀሳ አይቀርለትም፤ ግን አብዛኛው ወቀሳ የሚመጣው ሲገዛ ከተመረጠው ልክና ሲገጠም ከተጓደሉት ጥቂት ሰከንዶች ነው።

ስሙ ግማሽ ኢንች፣ ውስጡ ሌላ

የብረት ቧንቧ የሚጠራው ለውስጥ ክፍቱ በሚቀርብ ቁጥር ሲሆን ፒፒአር የሚጠራው በውጭ ዲያሜትሩ ነው። ባለ 20 ሚሊሜትሩ ፒፒአር ብዙ ጊዜ “ግማሽ ኢንች” ይባላል፤ ጫፉ ላይ የሚገጠመው ፊቲንግ የግማሽ ኢንች ጥርስ ስላለው ነው። ለሙቅ ውሃ የሚመረጠው ወፍራሙ ዓይነት፣ ማለትም ኤስዲአር (የውጭ ዲያሜትሩ ለውፍረቱ ሲካፈል) 6 ወይም በተለምዶ ፒኤን (የግፊት ክፍሉ በባር) 20 የሚባለው፣ የቱቦው ግድግዳ ውፍረት 3.4 ሚሊሜትር ነው። ከግራና ከቀኝ ሲቀነስ ለውሃው የሚቀረው 13.2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የግማሽ ኢንች ብረት ውስጡ ወደ 16 ሚሊሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ግማሽ ኢንች ብረት አውጥቶ 20 ፒፒአር ማስገባት የውሃውን መተላለፊያ ስፋት በሲሦ ገደማ መቀነስ ማለት ነው። የፒፒአር ውስጥ ለስላሳ መሆኑ ከኪሳራው ጥቂቱን ይመልሳል፤ ሁሉንም ግን አይመልስም። አሮጌው ቧንቧ በዝገት ታንቆ ከነበረ ባለቤቱ ለውጥ ያያል። ደህና ከነበረ ግን አዲሱ ሻወር ከድሮው ደክሞ ይመጣና ጥፋቱ ሚክሰሩ (ሙቅና ቀዝቃዛውን የሚያቀላቅለው) ላይ ይለጠፋል።

መፍትሔው አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ መግዛት ነው። በግማሽ ኢንች ብረት ፋንታ 25 ይገባል፤ ግድግዳው 4.2 ስለሆነ ውስጡ 16.6 ይቀራል። በሦስት አራተኛ ኢንች ፋንታ 32 ይገባል፤ ግድግዳው 5.4፣ ውስጡ 21.2። ባለ 20ው ከዋናው መስመር ተገንጥሎ ወደ አንድ ቧንቧ ብቻ ለሚሄድ፣ ከ2 እስከ 3 ሜትር ለማይበልጥ ቁራጭ ይበቃል። ውሃው ከጣሪያ ታንከር በራሱ ክብደት የሚወርድበት ቤት ከሆነ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ወደ 1 ባር ነው። ታንከሩ ከሻወሩ ራስ 4 ሜትር ቢበልጥ ያለው ግፊት 0.4 ባር ብቻ ይሆናል። በዚህ ላይ የሚባክን ግፊት የለም፤ ከታንከር የሚወርደው ዋና መስመር ከ32 ባያንስ፣ 40 ቢሆን ደግሞ ይሻላል።

ስስ የሆኑትም አሉ። ባለ 20ው በኤስዲአር 7.4 ወይም ፒኤን 16 ሲሆን ግድግዳው 2.8፣ በኤስዲአር 11 ወይም ፒኤን 10 ሲሆን 1.9 ሚሊሜትር ነው። የመጨረሻው ለቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው። ፒኤን አጠገብ ያለው ቁጥር የሚሠራው ውሃው 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በ70 ዲግሪ ያው ቱቦ ለረጅም ዘመን የሚሸከመው ግፊት ከግማሽ በታች ይወርዳል። ለዚህ ነው ለሙቅ መስመር ፒኤን 20 መግዛት ቅንጦት የማይሆነው።

ሲገዛ የሚታይ

ቀለም ምንም አይናገርም፤ አረንጓዴም ነጭም ግራጫም የአምራቹ ምርጫ ነው። የሚታየው በቱቦው ርዝመት እየተደጋገመ የታተመው ጽሑፍ ነው፦ የአምራቹ ስም፣ የዕቃው ዓይነት፣ ዲያሜትሩ ከግድግዳ ውፍረቱ ጋር፣ የግፊት ክፍሉ፣ የደረጃው ቁጥር (ብዙ ጊዜ አይኤስኦ 15874) እና የተመረተበት ቀን። ከዚያ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ወጥቶ ውፍረቱ በአራት አቅጣጫ ይለካ። ጽሑፉ 3.4 ብሎ አንዱ ጎን 2.9 ከወጣ ቱቦው ይቀመጥ።

ሁለተኛው ፍተሻ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ያልሞቀ ቱቦ ያልሞቀ ፊቲንግ ውስጥ ይገፋ። ጤነኛው መግባት እምቢ ይላል፤ የፊቲንጉ ጉድጓድ ሆን ተብሎ ከቱቦው ጠበብ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ሁለቱ ቀልጠው የሚዋሃዱት በዚያ ትርፍ ነው። ዘው ብሎ የሚገባ ከሆነ አንዱ ልኩን ስቷል። ቱቦና ፊቲንግ ከአንድ አምራች እንዲገዙ የሚመከረውም ለዚህ ነው። የተለያየ አምራች ፒፒአር ተዋህዶ መቅለጡ አይቀርም፤ ችግሩ የልኩ መዋዠቅ ነው።

የብረት ጥርስ የተቀበረባቸው ፊቲንጎች ላይ ማግኔት ይጠጋ። ከያዘ ውስጡ ናስ አይደለም፤ ኒኬል የተቀባ ብረት ነው፤ ይዝጋል። ሲመርጡም በመፍቻ የሚያዝ ባለ ስድስት ማዕዘን ብረት ያለው ይሻላል፤ ክቡ ሲጠብቅ ሁሉም ኃይል ፕላስቲኩ ላይ ያርፋል።

አንድ ተጨማሪ ወጪ የሚያስቆጭ አይደለም፦ ለሙቅ መስመር መሃሉ የፋይበር መስታወት ንጣፍ ያለበት ቱቦ። ተራው ፒፒአር በአንድ ሜትር፣ ለአንድ ዲግሪ 0.15 ሚሊሜትር ይረዝማል። 10 ሜትር መስመር በ40 ዲግሪ ሲሞቅ 60 ሚሊሜትር ይረዝማል ማለት ነው። ኮርኒስ ውስጥ በግልጽ የሚያልፍ ከሆነ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ፋይበር ያለበት በ0.035 ገደማ ስለሚሰላ ያው መስመር 14 ሚሊሜትር ላይ ይቆማል። አሉሚኒየም የለበሰውም ዓይነት መርዘሙ አነስተኛ ነው፤ ሆኖም ከመጋጠሙ በፊት አሉሚኒየሙ በልዩ መላጫ መላጥ አለበት፤ ሳይላጥ የተጋጠመ ደግሞ ያፈስሳል። መላጫው ሥራ ቦታ ላይ ከሌለ ፋይበሩን መምረጥ ይበጃል።

ሰከንዶቹ

የማጋጠሚያው ማሽን በ260 ዲግሪ ነው የሚሠራው። መብራቱ ደረሰ ባለ ጊዜ የደረሰው ሳህኑ ነው፤ ቱቦውና ፊቲንጉ የሚሞቁባቸው ወንዴና ሴቴ ራሶቹ ገና ናቸው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ተጨማሪ መጠበቅ ያስፈልጋል። በየቀኑ መጀመሪያ የሚሠራው መጋጠሚያ ደካማ የሚሆንበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ባለ 20 ቱቦ 5 ሰከንድ ይሞቃል፤ ከማሽኑ ወጥቶ እስኪጋጠም ከ4 ሰከንድ አይለፍ፤ ሳይነካ 2 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። ባለ 25 ሙቀቱ 7 ሰከንድ ነው፣ ማገጣጠሚያው 4። ባለ 32 ሙቀቱ 8፣ ማገጣጠሚያው 6 ሰከንድ፣ ማቀዝቀዣው 4 ደቂቃ። ባለ 40 ደግሞ 12 ሰከንድ ይሞቃል። ቆጠራው የሚጀምረው ቱቦውም ፊቲንጉም እስከ ምልክታቸው ራሶቹ ላይ ከገቡ በኋላ ነው፤ መግፋት ሲጀመር አይደለም። አየሩ ከ5 ዲግሪ በታች ከቀዘቀዘ የማሞቂያው ጊዜ በግማሽ ይጨመራል።

የሚገባበት ጥልቀት በእርሳስ ምልክት ይደረግበት፦ ለ20 ወደ 14 ሚሊሜትር፣ ለ25 ወደ 16፣ ለ32 ወደ 18። ይህን ምልክት እንደ ጌጥ የሚቆጥሩ አሉ። ሆኖም ከምልክቱ አልፎ የተገፋ ቱቦ የቀለጠውን ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ያንከባልለዋል፤ 13.2 ሚሊሜትር የነበረው ክፍት ከዚያ ወዲያ ምን ያህል እንደቀረ ከውጭ አይታይም። ብዙ ማሞቅም ያው ውጤት አለው። በተቃራኒው ያነሰ የሞቀ መጋጠሚያ ይይዛል፣ የግፊት ፈተናንም ሊያልፍ ይችላል፤ ሙቅ ውሃ ሲመላለስበት ግን ይለቃል። የተሳካ መጋጠሚያ ዙሪያውን ሁለት እኩል የቀለጡ ቀለበቶች ይታዩበታል፣ አንዱ ከቱቦው፣ አንዱ ከፊቲንጉ። ቀለበቱ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ቱቦው ጠምሞ ገብቷል።

ሲገባ አይዞርም። ጥርስ እንደሚያጠብቅ ሰው ማዞር የለመደ እጅ ይህን ይረሳል፤ ማዞር የቀለጠውን ንብርብር ይቀድደዋል። ኤልቦው (የማዕዘን ፊቲንጉ) አቅጣጫው ካልተስተካከለ የሚታረምበት ጊዜ 2 ሰከንድ ያህል ነው፣ እሱም በጥቂት ዲግሪ ብቻ። ስለዚህ አቅጣጫው አስቀድሞ በቱቦውም በፊቲንጉም ላይ በመስመር ይሠመር።

አቆራረጡም ዋጋ አለው። በመጋዝ የተቆረጠ ጫፍ ፀጉራም ስለሚሆን የፕላስቲኩ ፍርፋሪ ሚክሰር ውስጥ ገብቶ ያርፋል። በመቀስ ይቆረጥ፤ በጉዞ የተመታ ወይም የተሰነጠቀ የመሰለ ጫፍ ጥቂት ሴንቲሜትር ይጣል። ፒፒአር በብርድ ይሰባበራል፤ ከመኪና ላይ ወደ መሬት መወርወር የለበትም።

አሮጌው ከአዲሱ ሲገናኝ

አዲስ ሕንፃ ላይ ፒፒአር ቀላል ነው። እድሳት ላይ የሚፈተነው አሮጌው መስመር ላይ ሲገናኝ ነው፤ ትልቁ ጠላትም ውሃ ነው። አሮጌው ጌት ቫልቭ እስከ መጨረሻው አይዘጋም፤ ጠብታው ወደ ሞቀው ጫፍ ይደርሳል፤ ውሃው እንፋሎት ሆኖ የቀለጠው ፕላስቲክ ውስጥ አረፋ ይሠራል። ያ መጋጠሚያ አይድንም፤ ቆርጦ መጣል ነው። መፍትሔው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዋናው መግቢያ ላይ አዲስ ቦል ቫልቭ በጥርስ መግጠም፣ ለየመታጠቢያ ክፍሉና ለወጥ ቤቱ የየራሱን መዝጊያ መስጠት ነው። ከዚያ ዝቅተኛው ቧንቧ ተከፍቶ፣ ከፍተኛውም አየር እንዲገባ ተከፍቶ፣ መስመሩ ይራገፋል። ጠብታ አሁንም ካልቆመ በሙቀት ማጋጠሙ ይቅር፤ ጥርስ ያለው ዩኒየን (የሚፈታ ማገናኛ) ይግባ።

ብረትና ፒፒአር የሚገናኙበት ፊቲንግ ላይ የሚሠራው ስህተት አንድ ዓይነት ነው። የብረቱ ወንድ ጥርስ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ስለሆነ በገባ ቁጥር ሴቴውን ይለጥጣል። ላዩ ላይ የቃጫ ክር ወይም ቴፍሎን ተከምሮ በረጅም መፍቻ ሲጠብቅ ናሱ ወይም በዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ወዲያው አይታይም፤ ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ነው የሚያላብሰው። የሚሻለው ወንዴው ጥርስ በፒፒአሩ በኩል፣ ሴቴው በብረቱ በኩል እንዲሆን ማድረግ ነው። የማይቻል ከሆነ በእጅ እስኪቆም፣ ከዚያ በመፍቻ አንድ ዙር ወይም አንድ ዙር ተኩል ይበቃል። ጥርሱ የሚጠብቀው ደግሞ ፊቲንጉ ከቱቦው ጋር በሙቀት ከመጋጠሙ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ትኩስ መጋጠሚያ ላይ መፍቻ ማሳረፍ ጥሩ አይደለም።

ከውሃ ጋር የማይገናኝ የሚመስል አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ግምገማ ውስጥ ስለማይነሳ እዚህ ይነሳ። በአሮጌ ቤቶች የኤሌክትሪኩ መሬት ሽቦ ብዙ ጊዜ ከብረት የውሃ ቧንቧ ጋር ታስሮ ይገኛል። ያ ቧንቧ በፒፒአር ሲተካ የመሬቱ መንገድ ይቋረጣል፤ ቦይለሩ፣ የልብስ ማጠቢያው ሁሉ ያለ መሬት ይቀራሉ። ብረቱ ከመቆረጡ በፊት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ገብቶ የራሱን የመሬት ዘንግ ይትከል። ለዚህ ቀልድ የለም።

ግድግዳና ከፍታ

ቱቦው የሚቀበርበት የግድግዳ ቦይ ጥልቀት ገደብ አለው። ተቀባይነት ያለው ልማድ ወደ ታች ለሚወርድ ቦይ ከግድግዳው ውፍረት ከሲሦ እንዳይበልጥ፣ ወደ ጎን ለሚሄድ ከስድስተኛው እንዳይበልጥ ነው። 10 ሴንቲሜትር ብሎኬት ላይ ይህ ወደ ታች 33 ሚሊሜትር፣ ወደ ጎን 17 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ 25 ቱቦ እንዲህ ባለ ግድግዳ ወደ ጎን አይሄድም፤ በወለል ወይም በኮርኒስ ይዞርና ቁልቁል ወይም ሽቅብ ይገባል። ክፍት ሆድ ያለው ብሎኬት ከሆነ ከዚህም ይጠንቀቁ። ኮለንና ቢም አይነካም።

ከፍታ የሚለካው ካለቀው ወለል ነው፤ ሊሾና ሴራሚክ ገና ካልገባ ውፍረታቸው ተደምሮ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ የአንድ ሜትር መስመር ይሠመር። የእጅ መታጠቢያ ውሃ ከ50 እስከ 60 ሴንቲሜትር፣ የሻወር ሚክሰር ከ100 እስከ 120፣ የሽንት ቤት መቀመጫ ማጠራቀሚያ መዝጊያ ከ15 እስከ 20 ላይ ይቀመጣል። የግድግዳ ሚክሰር ሁለት አፎች ከመሃል እስከ መሃል 15 ሴንቲሜትር ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ሳህን ላይ ታስረው በውሃ ልክ ቢቀመጡ ከኋላ ጭንቀት ይገላግላል። ኤልቦው ካለቀው ሴራሚክ ፊት ጋር እኩል መሆን አለበት። ወደ ውስጥ ከቀረ የሚጨመር ቁራጭ ይፈልጋል፣ ወደ ውጭ ከወጣ የሚክሰሩ ክዳን አይሸፍነውም።

ሙቁ ቱቦ በልስን ውስጥ ሲቀበር በስፖንጅ ሽፋን ይጠቅለል፤ ሙቀት ለመቆጠብ ብቻ ሳይሆን ልስኑ እንዳይሰነጠቅ ነው። በግልጽ የሚሄደው ሙቅ 20 ቱቦ በየ60 ሴንቲሜትር ይታሰር።

የማይሆንበት

ለፀሐይ የተጋለጠ ፒፒአር ይደርቅና ይሰባበራል፤ ጣሪያ ላይ የሚያልፈው ክፍል ይሸፈን ወይም ሌላ ዕቃ ይሁን። ከፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ሰብሳቢ በቀጥታ መቀጠል ፈጽሞ አይሆንም፤ ውሃው ቆሞ ሲውል ከፒፒአር አቅም በላይ ይሞቃል። በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ወዲያው የሚያሞቁ ማሽኖች ላይም የመጀመሪያው ቁራጭ ብረት መሆን ይኖርበታል። ባለ ማጠራቀሚያ ቦይለር ይስማማዋል፤ የደኅንነት ቫልቩ ግን ከቦይለሩ ጋር መሃሉ መዝጊያ ሳይገባ ይገጠም፣ መፍሰሻውም ክፍት ይሁን። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከ1 ሊትር በላይ ይሰፋል፤ የሚወጣበት ካጣ ግፊቱን ቱቦው ላይ ያወርደዋል።

ለቆሻሻ ፍሳሽ ፒፒአር አይመለከተውም፤ እሱ የዩፒቪሲ ሥራ ነው። ሆኖም የእድሳቱን ንድፍ የሚወስነው ፍሳሹ ስለሆነ ፒፒአሩ ከመገዛቱ በፊት እሱ ይፈታ። የሽንት ቤት መቀመጫ ከቁም ቧንቧው 3 ሜትር ቢርቅ፣ በ2 በመቶ ተዳፋት 6 ሴንቲሜትር ውድቀት ይፈልጋል። የ11 ሴንቲሜትር ቱቦው ሲደመር 17 ነው፤ ይህ ወለሉ ውስጥ ካልተገኘ ወይ ወለሉ ከፍ ይላል ወይ መቀመጫው ወደ ቦታው ይመለሳል።

ከልስን በፊት

መስመሩ በውሃ ተሞልቶ አየሩ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ በእጅ ፓምፕ የሥራው ግፊት 1.5 እጥፍ ይደረስ። በ30 ደቂቃ ውስጥ በየ10 ደቂቃው ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ፒፒአር ራሱ ስለሚለጠጥ በመጀመሪያ መውረዱ አያስደነግጥም። ከዚያ በቀጣዩ 30 ደቂቃ ከ0.6 ባር በላይ መውረድ የለበትም፤ ተከትሎ በሚመጣው 2 ሰዓት ደግሞ ከ0.2 በላይ። መለኪያው 0.1 ባር የሚያሳይ ይሁን። ጠዋት ተጀምሮ ፀሐይ እስኪከር የቆየ ፈተና አይታመንም፤ የ10 ዲግሪ ለውጥ ብቻውን ግፊቱን እስከ 1 ባር ሊያንቀሳቅስ ይችላል።

ፈተናው ካለፈ በኋላ እያንዳንዱ ግድግዳ ሜትር ተዘርግቶበት ፎቶ ይነሣ። መስታወት ሊሰቅል የመጣ ሰው ከዓመት በኋላ በድሪል ቱቦውን ሲወጋው ፎቶው ይጠቅማል። ለዚህ የሚሆን ፒፒአር የጥገና ዘንግ አለ፣ ለ7 እና ለ11 ሚሊሜትር ቀዳዳ፤ በማሽኑ ላይ በሚገጠም ራስ ቀዳዳውና ዘንጉ አብረው ሞቀው ይደፈናሉ። ድሪሉ አንዱን ጎን ብቻ ከበሳ ይሠራል። ሁለቱንም ካለፈ ያ ቁራጭ ተቆርጦ በአዲስ ቱቦና በሁለት ሶኬት (ቀጥ ያለ ፊቲንግ) ይተካል፣ ስለዚህ ከሥራው የተረፈ አንድ ሜትር ቱቦና ሁለት ሶኬት ከቤቱ አይውጣ።